ዱቄት ያልነካው መጥረጊያ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የጥገና ሠራተኛውን ሃይድሮጅን ከጫነው ተሳቢ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ አገኘችው። ከቧንቧው ያፈተለከው ጋዝ ተቀጣጥሎ ፊቱንና ደረቱን በልቶታል። የእሳት ማጥፊያው ነጭ ዱቄት ሬሳውንም መሬቱንም አልብሶታል። በቀኝ እጁ በኩል የሣር መጥረጊያ ወድቋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ጎንበስ ብላ መጥረጊያውን አየችው።

«መጥረጊያ እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ የተሳቢውን ሾፌር ጠየቀችው።

«የሃይድሮጅን እሳት በፀሐይ አይታይም እኮ! መጥረጊያ እያስቀደምን ነው የምንጠጋው። እሳት ካለ ሣሩ ቦግ ይላል። እሱማ ያለ መጥረጊያ ንቅንቅ አይልም ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?»

«እንጃ! እኔ ጎማ እያየሁ ነበር። ‹መጥረጊያው የት ሄደ?› ብሎ ወደ ቢሮው መስኮት ሲጣራ ሰማሁ። መልሱን የኮምፕረሰሩ ጩኸት ዋጠው። ወዲያው እሪ አለ። ቧንቧውን ዘግቼ፣ እሳቱን አጥፍቼ፣ ወደ ግቢው በር ሮጥኩ። የድርጅቱ ኃላፊ እዚያ እንግዶች እየተቀበሉ ነበር።»

ቢሮው ውስጥ ኃላፊው ሪፖርታቸውን ጽፈው ጨርሰዋል፤ «በራሱ ቸልተኝነት» ይላል። የሟች ሚስት ከፊታቸው ቆማለች። አላለቀሰችም፤ እንባውም አልመጣላትም።

«እሱን ቃል አውጡልኝ» አለች። «ልጆቼ ‹አባታችን በዝንጉነቱ ሞተ› እያሉ አያድጉም።»

ኢንስፔክተሯ ሾፌሩንና እዚያው የሚሠራውን የሟች ታናሽ ወንድም ወደ ቢሮው አስጠራች። ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም።

«የመጥረጊያው ሣር አንዱም አልተለበለበም» አለች። «አስቀድሞት ቢሆን መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነበር።»

«በእጁ አንጠልጥሎት ይሆናላ!» አሉ ኃላፊው።

«ዱቄቱስ? ሬሳው ነጭ፣ መሬቱ ነጭ። መጥረጊያው ላይ ግን ቅንጣት የለም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የተቀመጠው። በሣሩ መሃል ደግሞ ቀይ የምንጣፍ ብናኝ አለ፤ ይኸው ከቆምንበት ምንጣፍ። ሾፌሩ ውጭ፣ እርስዎ በር ላይ ነበሩ። ከመስኮቱ ማን መለሰለት?»

ታናሽ ወንድሙ ቀና አላለም።

«እኔ ነኝ» አለ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወራ። «እንግዳ ስለሚመጣ ቢሮውን ጥረግ ተባልኩ። ትንሽ ነበር የቀረኝ። ‹አሁን በዚያ አልፌያለሁ፣ እሳት የለም› አልኩት።»

«አልፈህ ነበር?»

«አላለፍኩም። ሾፌሩ እሳቱን አጥፍቶ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ ደንግጬ መጥረጊያውን አጠገቡ ጣልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ሪፖርቱን ወደ ኃላፊው ገፋችው። «ይሰርዙት። ማን ጥረግ እንዳለውም ይጻፉበት።»

ኃላፊው ሰረዙ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ ተሰማ።

ሚስቱ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹እሺ ወንድሜ› አለኝ፣ እትዬ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።