ብር የለበሰው የሐብሐብ ማሳ

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን የኢሱዙዬ መሪ ተነቅሎ በእጄ ላይ ይቅር! እኔ ገበየሁ ነኝ፤ ከመርሳ ወልድያ ሐብሐብና ሽንኩርት የማመላልስ፣ ጥሩምባዬን ስነፋ ሲሪንቃ ላይ የተጠመደ በሬ ቀጥ ብሎ የሚቆምልኝ ሾፌር። ይህን ፍቅር በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ያለ እኔ አይሆንም ነበር፤ ግን ስለ ራሴ ማውራት ስለማልወድ ወደ ልጆቹ ልለፍ።

ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ ሲኬድ፣ መንገዱ ዳር ሁለት ማሳዎች አሉ። በመካከላቸው የመስኖ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ወዲህ የአቶ አያሌው ነው፣ ከቦዩ ወዲያ የአቶ በላይ። ሁለቱ በውሃ ተራ ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ጠቡ ከመክረሩ የተነሳ የአንዱ ዶሮ ወደ ሌላው ማሳ የምትሻገረው ግራ ቀኝ አይታ ነበር። ልጆቻቸውማ ቦዩን እንዳይሻገሩ በግዝት ተከልክለዋል።

አያሌው ሔዋን የምትባል ልጅ አለቻቸው። ቆንጆ ናት ብል ዋሸሁ፤ ቃሉ አይበቃትማ! እሷ ገበያ የወጣች ቀን የመርሳ ባጃጆች ነዳጅ ሳያልቅባቸው ይቆማሉ። አቶ በላይ ደግሞ ቢኒያም የሚባል ልጅ አላቸው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ አንደበቱ ግን የተቆለፈ። ሁለቱ በቦዩ ማዶና ማዶ ሆነው ሲኮተኩቱ ዓይናቸው ይገናኛል፤ ወዲያው ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ የዘለለ ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት የሔዋንን ሐብሐብ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቅጠሉን አኮማተረው፤ የተረፈውን አረም ዋጠው። አባቷ ቁርጡን ነገሯት።

«ዘንድሮም ከከሸፈ ማሳውን አከራየዋለሁ። አንቺም አዳማ፣ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ።»

አዳማ! ቢኒያምን በሩቁ እንኳ የማታይበት አገር!

እሷ እቴ፣ አላለቀሰችም። መንገድ ዳር ጠብቃ መኪናዬን አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ከወልድያ አንድ ጥቅል ፕላስቲክ ያምጡልኝ። አንድ ፊቱ ብርማ፣ አንድ ፊቱ ጥቁር የሆነውን።»

«ለምንሽ ነው?»

«የምተክልበትን መደብ አለብሰዋለሁ። ችግኙ በቀዳዳ ይተከላል። ብርማው ፊት ብርሃኑን መልሶ ሲረጨው ክሽክሹ ግራ ይጋባና ይሸሻል። ከሥሩ አረም አይበቅልም፤ እርጥበቱም አይተንም።»

«ማሳሽን ልትድሪው ነዋ!»

«እሱን ከዳርኩ፣ እኔም ከአዳማ ተረፍኩ» አለችና ፈገግ አለች።

አመጣሁላት። ጥቅሉ ከርዝመቱ ብዛት ጫፉ መርሳ ሲገባ ጭራው ገና ከወልድያ አልወጣም ነበር።

ታዲያ ፕላስቲክ አንድ ሰው ብቻውን አያነጥፈውም። አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው እየወጠረ ዳር ዳሩን አፈር ያለብሳል። አባቷን ለመነች።

«የገዛ መሬቴን የዝናብ ልብስ ላልብሰው?» አሉና ወደ ማኅበራቸው ሄዱ።

ሔዋን ብቻዋን ጀመረች። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ራዲያተሬን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። ያኔ ነው እንግዲህ ነፋሱ የመጣው! ምኑን ነፋስ ልበለው፤ ከሲሪንቃ ተራራ ተንደርድሮ የማንጎውን ቅጠል አራገፈ፤ ባርኔጣዬን ወሰደ፤ ባርኔጣዬን ቆቦ ላይ ያያት ሰው አለ። ፕላስቲኩንም ከእጇ መንጭቆ ሰማይ ላይ ዘረጋው። ከሎጎ ሐይቅ የተነሱ ዳክዬዎች ሌላ ሐይቅ ሲበር ያዩ መስሏቸው ተከተሉት። ዞሮ ዞሮ የቢኒያም ሽንኩርት ላይ አረፈ።

ቢኒያም ከጎነበሰበት ቀና አለ። ፕላስቲኩን አየ። ከዚያ እሷን አየ። እሷም አየችው። እስኪነጋገሩ ድረስ እኔ ራዲያተሬን ሞልቼ፣ አፍስሼ፣ እንደገና ሞላሁ።

«ያንቺ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ነፋሱ ነው ያመጣው።»

«ልወርውርልሽ?»

«ይቀደዳል።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን?»

«እኔ እንጃ» አለች፣ በእግሯ ጣት አፈር እየጫረች። «ያጣሁት ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ነው።»

ቢኒያም ወደ አባቱ ቤት ዞር ብሎ አየ። ወደ ቦዩ አየ። ከዚያ ሚሌ ወንዝን የሚያህለውን ቦይ፣ ጥቅሉን እንደታቀፈ፣ በአንድ ዝላይ ተሻገረ!

እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ሆነው ወጠሩት። ፊት ለፊት እየተያዩ መደቡን ይዘው ወረዱ። ፍቅር ነው ብዬ ሳበቃ፣ ጭቅጭቅ ተነሳ!

«ጥቁሩ ነው ወደ ላይ» አለ ዝምተኛው።

«ብርማው ነው።»

«ጥቁር አረም ይገላል።»

«ከሥር ሆኖም ይገላል። በዚህ በመርሳ ፀሐይ ጥቁሩን ገልብጠህ ችግኜን ልትጠብስልኝ ነው?»

«እንወራረዳ! አንዱን መደብ በጥቁሩ፣ ሌሎቹን በብርማው።»

«ከረታሁህስ?»

«ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

«ሽማግሌ ትልካለህ።»

ቢኒያም ጫፉን ለቀቀው። ጆሮው ቀላ። «እኔ... እኔ ከረታሁስ?»

«ያኔም ትልካለህ!»

ሳቋ ግራና ድረስ ተሰማ። ራዲያተሬ ያለ እሳት ፈላ።

ሰነባበተ። በጥቁሩ መደብ ላይ የተኙ ቅጠሎች ጠርዛቸው ተለበለበ፤ የብርማው ግን ተንሰራፋ። ክሽክሽ ድርሽ አላለም። ማሳው ሲያብለጨልጭ ወደ ላሊበላ የሚሄደው አውሮፕላን ክንፉን ዘንበል አድርጎ ሰላም ይለን ጀመር። ሐብሐቡማ! አንዱን ፍሬ የጫንኩበት አህያ ቁጭ ብሎ አሰበ።

ግን ጉዱ ውሃው ላይ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ የሔዋን የውሃ ተራ ሲደርስ ማሳዋ አልጠማውም። ታዲያ ቦዩን ከፍታ ወደ አቶ በላይ ሽንኩርት ለቀቀችው። አቶ በላይ ሽንኩርታቸው በጥማት ጠውልጎ ነበር፤ ውሃው እየተንኳለለ ሲመጣ ጠብ መስሏቸው አካፋ ይዘው ወጡ።

«ማነው የለቀቀው?»

«ሔዋን ናት» አላቸው ቢኒያም።

«የአያሌው?»

«የአያሌው።»

አካፋቸውን ተደግፈው ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ።

ለተረታው ለቢኒያም ሽማግሌ ሆነን አያሌው ቤት ስንሄድ የመራሁት እኔ ነኝ። ተራራ የሚያስለቅስ ንግግር አደረግሁ፤ ወረቀቱ ስለማይበቃ ነው የማልጽፈው። አያሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ልጄን ውሃዬን ለሰረቀኝ ሰው ልጅ ልስጥ?»

ያን ጊዜ ከኋላችን፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ አቶ በላይ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ።

«አያሌው» አሉ፣ «ውሃህን ሰርቄሃለሁ። ልጅህ ደግሞ ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። አሁን የምሰርቅህ የለኝም፤ ልለምንህ ነው የመጣሁ።»

አያሌው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከጓዳው በር ጀርባ ሔዋን ትንፋሿን ይዛለች፤ ሰምቻታለሁ።

«በል ግባ» አሉ በመጨረሻ፣ «በር ላይ አትቁምብኝ።»

እልልታው! ወልድያ ያሉ ሰዎች በዓል መስሏቸው ሱቅ ዘጉ!

ባለፈው እሁድ ይህንኑ ጽሑፍ ማሳው ዳር፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ለባልና ሚስቱ አነበብኩላቸው። ቢኒያም እየሳቀ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል፤ ነፋሱ ጋ ስደርስማ «ልክ እንደነገርኩዎት!» እያለ ጉልበቱን መታ። ሔዋን ሐብሐብ ትቆርጣለች። አንብቤ ስጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያን ቀን መኪናዎ ተበላሽቶ ወልድያ ጋራዥ ነበሩ።»

«እህ... አዎ፣ ግን ነፋሱ...»

«ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲኮተኩት፣ ፕላስቲኩን ተሸክሜ ቦዩን ተሻገርኩና ሽንኩርቱ ላይ ዘርግቼው ተመለስኩ።»

ቢኒያም የጎረሰውን ሳይውጥ ዞሮ አያት።

«ነፋስ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

ሔዋን ዘሩን ለቅማ፣ ሌላ ቁራጭ ቆርጣ ሰጠችው።