የዓርብ ተረኛ

ሰዲቅ ከጁምዓ ተመልሶ ኮረብታው ላይ ሲደርስ የማሽን ክፍሉ ማቀዝቀዣ አይጮህም ነበር። መብራት የሄደ መሰለው። ላቡን ጠርጎ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከታች፣ ከሸዋሮቢት፣ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ወፍጮው እየሠራ መብራት ሊጠፋ እንደማይችል የገባው ሩብ ሰዓት ቆይቶ ነው።

ሮጦ ገባ። ባልደረባው ተክሌ ባትሪዎቹ አጠገብ ወድቋል። ጭንቅላቱን ተመቷል። ገና ይተነፍስ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ሁለቱ የሚጠብቁት ጣቢያ የአዲስ አበባ የበረራ ተቆጣጣሪዎችን ድምፅ በይፋት ሰማይ ለሚያልፉ አውሮፕላኖች ያቀብላል። ሐሙስ ዕለት መብራት ሲቋረጥ መጠባበቂያ ባትሪዎቹ አልሠሩም። ጣቢያው ለአራት ደቂቃ ዲዳ ሆነ። ለማረፍ ከሚወርዱ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ "ባለህበት ከፍታ ቆይ" የሚለውን ትእዛዝ አልሰማም። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሺህ ጫማ መኖር ሲገባው ሁለት መቶ ብቻ ቀረ። መንገደኞቹ ምንም አላወቁም። ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች ቅዳሜ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር።

ግድያውን የያዘችውን ሳጅን ሕይወትን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። በተረኞች ሰሌዳ ላይ የዓርብ ተረኛ ሰዲቅ ነው። ልብሱ ደም ነክቶታል። ገበያው ውስጥ "ሙስሊሙ ክርስቲያኑን ገደለው" መባል ተጀምሯል። እሷ አጣዬ ስትቃጠል ሁለት ልጆቿን ይዛ በእግሯ የወጣች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ወሬ ካደረ ምን ይዞ እንደሚነጋ ታውቃለች።

"ተረኛው አንተ ነህ። ተክሌ ምን ሊሠራ ወጣ?"

"ዓርብ ቀትር የሱ ነው። እሑድ ጠዋት የኔ።"

"የት ተጽፏል?"

"አይጻፍም፣ ሳጅን። አለቆች አይወዱትም። ተነጋግረን ነው፤ አምስት ዓመታችን።"

"አንድም ዓርብ አልቀረ?"

"ታሞ እንኳ ወጥቷል። 'ሶላትህን ባስቀርብህ ቅዳሴዬን ትበቀልብኛለህ' እያለ ይስቅብኝ ነበር።"

ሕይወት ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ የተክሌ ሚስት ወይዘሮ ሙሉ ቀና ብላ አየቻት።

"ሰዲቅን አሰራችሁት አሉኝ።"

"እየጠየቅነው ነው።"

"ተክሌ ቅዳሴ የሚደርሰው በማን ይመስልሻል? ፍቺው።" ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ሁሉም እንዲሰማት ደገመችው። "ፍቺው።"

ቅዳሜ የጣቢያውን ባትሪዎች የሚፈትሸው ቴክኒሻን ሚኪያስ ከአጣሪዎቹ ጋር መጣ። ሕይወት የጥገና መዝገቡን ገልጣ ጠበቀችው። የስምንት ወር የባትሪ ፍተሻ ተሞልቷል፤ ሁሉም በወሩ መጀመሪያ ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት።

"መጨረሻ የመጡት መቼ ነው?"

"ባለፈው ወር። ተጽፏል።"

"ማን ከፈተልዎ?"

"ሰዲቅ።"

"ስምንቱንም ጊዜ?"

"ምነው ሳጅን፣ ማንበብ ያስቸግርሻል?"

"አነባለሁ። ዓርብ ሰባት ሰዓት ሰዲቅ መስጊድ ነው። በሩን የሚከፍተው ተክሌ ነበር። ሰሌዳው ይህን አይነግርህም፤ መጥቶ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል።"

ሚኪያስ መዝገቡን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

"መኪናህን አስከፍተናል። የሐሙሱ ባትሪዎች ከኋላ ተጭነዋል። ደም ያለበት መፍቻም አለ።"

ውሃ ጠየቀ። አመጡለት። አልጠጣውም።

"ስምንት ወር አልመጣሁም" አለ። "ቢሮ ሆኜ 'ተፈትሿል' እል ነበር። ትናንት በሩን ከፈተልኝ። መብራቱን አጥፍቼ ባትሪዎቹን ቀየርኩ። መዝገቡን ስሞላ ከጀርባዬ አነበበው። 'በነዚህ ቀኖች ሁሉ እዚህ የነበርኩ እኔ ነኝ፣ አንተን አላየሁህም' አለኝ። ለአጣሪዎቹ እናገራለሁ አለ።"

"ከሱ ሌላ የሚያውቅ የሌለ መሰለህ።"

"አዎ። ሰሌዳው ላይ ያለው የሰዲቅ ስም ስለሆነ እሱን ጠራሁ።"

ወደ ማታ ሰዲቅ ተፈታ። እናቱ እትዬ ሩቂያ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ ወደ ቤት ልትወስደው እጁን ያዘችው። እሱ ግን ለቅሶ ቤት አስቀደመ። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ሙሉ ጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችለት። ማንም ተነሥቶ አልወጣም። ሕይወት አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

ከዚያ እናትና ልጁን ቤታቸው ድረስ ሸኘቻቸው።

"ግቢ እንጂ ልጄ" አለች እትዬ ሩቂያ።

"ይግቡ፣ እትዬ። በሩን ይዝጉት።"

መንገዱ ላይ ቆመች። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲወረወር ሰማች።