ሦስተኛው ሞተርና ቀይ ጥብጣቡ

«አውሮፕላን ሰው ገደለ፤ ሽሮ ሜዳ» ሲሏት ኢንስፔክተር ደሳለች ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። ጉለሌ ላይ አውሮፕላን ወድቆ ቢሆን ኖሮ አገር ምድሩ ይጠራ ነበር እንጂ እሷ ብቻዋን አትጠራም።

ነገሩ ዳገቱ ላይ፣ በአንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ነበር። የቆርቆሮው ወርክሾፕ በር ሲከፈት ክንፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ፣ አራት ሞተር ያለው የወታደር ጭነት አውሮፕላን ጠበቃት። በሪሞት የሚበር ሞዴል ነው። ግን አምስት ሜትር ክንፍ ያለውን ነገር መጫወቻ ማለት ይከብዳል። አጥንቱ ኮምፔንሳቶ፣ ቆዳው ፋይበር ግላስ፤ የኋላ በሩ እንደ እውነተኛው ወርዶ ጭነት ያስገባል። ሻምበል ፀሐዬ አራት የጡረታ ዓመታቸውን ያፈሰሱበት ይኸው አውሮፕላን በሦስተኛው ሞተሩ ፕሮፔለር አንገታቸውን መትቶ ጥሏቸዋል። አንሶላ ለብሰው ከክንፉ ሥር ተጋድመዋል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ኮንስታብል ማቲያስ። «ገዳዩም አምኗል።»

«አደጋ ከሆነ ገዳይ ከየት መጣ?»

ማቲያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አብሯቸው የሚሠራው አናጢ፣ ቶለሳ ነው። ትናንት ማታ ባትሪውን ሳይነቅል ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ሻምበሉ የፕሮፔለሩን ዳዶ ሲያጠብቁ ሪሞቱ ከጠረጴዛው ወደቀ፤ ማንሻው ተገፋ፤ ሞተሩ ተነሣ። ሬሳውን ያገኘውም እሱው ነው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያለ ያለቅሳል። ነገ አራት ሰዓት ችሎት ይቀርባል፤ እዚያም ይህንኑ ከደገመ መዝገቡ አለቀለት።»

ሪሞቱ በእርግጥም ከጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ደሳለች ግን አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት፤ ስታስብ ትዞራለች። ባልደረቦቿም «ኢንስፔክተር ከተቀመጠች ጉዳዩ አልቋል» እያሉ ያሟታል። አውሮፕላኑን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ከክንፉ በታች፣ ከጎኑ፣ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ቀይ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሰኪያ ነው አሉ። ቢጫው ሲሰካ ሞተሮቹ ኃይል ያገኛሉ። ቢጫው ሲነቀል በምትኩ ይሄ ባለጥብጣቡ ይገባል፤ እሱ ባዶ ነው። ጥብጣቡ ከታየ ፕሮፔለር መንካት ይቻላል ማለት ነው።»

«ስትደርስ እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር። ፎቶም አንስቻለሁ።»

«ቢጫውስ የታለ?»

ማቲያስ ዙሪያውን አየ። ወርክሾፑን ገለባብጠው ፈለጉ፤ ቢጫው የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የደሳለች እግር መሬት አልያዘም።

ቶለሳ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሏል። ከሱሉልታ በኩል መጥቶ ጉለሌ ላይ ቤት የሠራ፣ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ሲና ያመጣችለት ምሳ እንደታሰረ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ቢጫውን ሳትነቅል መሄድህን በደንብ ታስታውሳለህ?» አለችው ደሳለች።

«አላስታውስም። ግን ሁሌ እረሳለሁ። ሻምበል ሁሌ ይቆጡኝ ነበር።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ደግሞ ጋሽ ስብሐት አይተዋል። ማታ ከእኔ ኋላ ሲወጡ ቢጫው እንደተሰካ ነበር አሉኝ። እሳቸው አይዋሹም።»

«ጠዋት ስትገባ በእጅህ የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም! ደሙን ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ ጮኼ ወጣሁ። እትዬ ብርቅነሽን ይጠይቋቸው፤ ደጃፍ ላይ ነበሩ።»

ጎረቤቷ ብርቅነሽ ቀድመው ቃላቸውን ሰጥተዋል። «ከበሩ ወዲያ አንድ እግሩን አላስገባም። ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዝንብ አላሳለፍኩም» ብለዋል።

«ምሳህን ብላ፣ ቶለሳ።»

«ሰው ገድዬ በጌታ ፊት ምን ብዬ እበላለሁ?»

ደሳለች የታሰረውን ምሳ ፈታ አስጠጋችለት። ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ተሸክሞ ሲጎብጥ ማየት አትችልም። እንዳልሠራው የምታሳይበት ማስረጃ ግን ገና በእጇ የለም፤ የቀራት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

የወርክሾፑ የጓሮ በር ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ጳውሎስ አካባቢ ሞባይል የምትጠግነው ቤርሳቤህ ናት፤ የአውሮፕላኑን ሽቦና ሪሞት የሠራችው እሷ ናት።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ሱቅ እየከፈትኩ። እ... ብቻዬን።»

«ሻምበሉ ምንሽ ናቸው?»

«በሥጋ ምኔም አይደሉም። አባቴ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከመሬት እንደተነሣ ወድቆ ሞተ። የአብራሪው ስህተት ነው ተባለ። እናቴ ያንን ቃል ይዛ ነው የተቀበረችው።» ዐይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ሻምበል ከአራት ዓመት በፊት ፈልገው አገኙኝ፤ በቃ፣ እንደ ልጅ አቀረቡኝ። ከነገ ወዲያ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልናበረው ነበር። ‹ጭራው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ራስሽ ትልጪዋለሽ፤ ከዚያ የምነግርሽ አለኝ› አሉኝ ማክሰኞ ዕለት። ሁላችንም ባለንበት ነው ያሉት።»

ሁለተኛው መቶ አለቃ ስብሐት ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ የሟቹ የሥራ ዘመን ጓደኛ።

«ጠዋት እንጦጦ ማርያም ኪዳን ሳደርስ ነበርኩ» አሉ። «ያየኝ ሰው ይኖር እንደሁ አላውቅም፤ ለጸሎት የሄደ ሰው ሌላውን አይቆጥርም። እኔና ፀሐዬ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አውሮፕላን ላይ ሠርተናል፤ እሱ ሞተሩን፣ እኔ ጭራውን። ወንድሜን ነው ያጣሁት፣ ልጄ።»

ደሳለች ሁለቱንም በየተራ ወደ ወርክሾፑ አስገባቻቸው። ቤርሳቤህ ከሱቋ ያመጣችውን ትርፍ ቢጫ መሰኪያ ኢንስፔክተሯ ራሷ በየተራቸው ሰክታ ነበር የጠበቀቻቸው።

«ይሄን ነገር እፈራዋለሁ» አለቻት ለቤርሳቤህ። «እንዳይነሣ አድርጊልኝ።»

ቤርሳቤህ ቢጫውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው፤ ባለጥብጣቡን ሳትሰካ ዞረች። «መነቀሉ ሪሞቱ ስክሪን ላይ ይታየኛል እኮ፤ ጥብጣብ የሽማግሌዎች ነገር ነው» አለች።

ስብሐትን መጠየቅም አላስፈለገም። ገና ከበሩ ላይ ቢጫውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ነቀሉት፤ ባለጥብጣቡን ሰኩ፤ ጥብጣቡን ሁለቴ ሳብ አደረጉ፤ «ወጥቷል!» አሉ ጮክ ብለው፤ ቢጫውን በግራ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ባታስመልሳቸው ኖሮ ይዘውት ሊሄዱ ነበር።

«ለምን ኪስዎ ውስጥ?»

«ሰው እጁን ፕሮፔለር ላይ አድርጎ ሳለ ሌላው እንዳይሰካበት ነዋ። የነቀለ ይይዘዋል። የእኛ ሕግ ነው።»

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ከአውሮፕላኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ቶለሳን ማቲያስ አምጥቶታል። ቤርሳቤህ ከጭራው አጠገብ ቆማለች። ስብሐት ዛሬ ቱታቸውን ትተው ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ደሳለች መዞር ጀመረች።

«ፕሮፔለሩ ሻምበሉን ሲመታ ቢጫው ተሰክቶ ነበር፤ አለዚያ አይዞርም። ማቲያስ ሲደርስ ግን ጥብጣቡ ተሰክቷል። ሬሳ ተነሥቶ መሰኪያ አይቀይርም። ቶለሳ ከበሩ አላለፈም። ስለዚህ ሻምበሉ ሲሞቱ አጠገባቸው ሌላ ሰው ነበር፤ ማንሻውን ገፍቶ ሪሞቱን ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጠውም እሱ ነው።»

ቶለሳ ቀና አለ።

«ደግሞ ሻምበሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠነቀቁ ኖረው አንገታቸውን ለፕሮፔለር ለምን ሰጡ? አንድ ሰው ‹ወጥቷል› ስላላቸው ነው። የቶለሳን ቃል አያምኑም፤ ይረሳል። የቤርሳቤህንም አያምኑም፤ ለጥብጣብ ግድ የላትም። ዞር ብለው ሳያዩ የሚያምኑት አንድ ድምፅ ብቻ ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ስብሐት።

«መቶ አለቃ፣ ረቡዕ ማታ ቢጫው እንደተሰካ አይቼ ወጣሁ ብለው ለቶለሳ ነግረውታል። ትናንት ግን በዐይኔ አየሁዎ። ቢጫ ተሰክቶ አይተው ሦስት እርምጃ አልታገሱም። እርስዎ አይተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም።»

«አርጅቻለሁ። ያን ቀን ዘነጋሁ።»

ደሳለች ወደ ጭራው ዞረች። «ቤርሳቤህ፣ ወረቀቱን ላጪው።»

ወረቀቱ ሲነሣ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ታየ። ቤርሳቤህ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «የአባቴ አውሮፕላን ነው። ሳሎን ባለው ፎቶ ላይ ይሄው ቁጥር አለ።» ከቁጥሩ ሥር ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ፒን ተሰክቷል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀይ ክር።

«የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክዳን ከፍ አድርጊው።»

«አይነቃነቅም። ተቆልፏል።»

«ትናንት ማታ ከወረቀቱ ሥር አጮልቄ አይቼ ባለሙያ ጠይቄያለሁ፤ መሬት ላይ ሳለ ንፋስ እንዳያወዛውዘው የሚቆልፈው ፒን ነው። ከመነሣቱ በፊት ካልተነቀለ አብራሪው ምንም ቢታገል አይታዘዘውም። ሻምበሉ ቅዳሜ ሊነግሩሽ የነበረው ይህንን ነው። ፒኑን መንቀል የነበረበት ደግሞ ጭራው የእኔ ነበር ያሉኝ ሰው ነው።»



«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው!» አሉ ስብሐት። «ማስረጃሽ የታለ?»

«ቢጫው ነዋ። የነቀለ ይይዘዋል ብለውኛል። ትናንት ጠዋት ከእንጦጦ በፊት እዚህ ሲመጡ የለበሱት ይሄንን ኮት ነው?»

የስብሐት እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ወደ ግራ ደረታቸው ሄደ። ከኮቱ ኪስ ላይ ደርሶ ቆመ። አንዳች ጠንካራ ነገር ዳሰሰ። ሽማግሌው ቢጫውን መሰኪያ አውጥተው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ኪሳቸው ውስጥ ያገኙ ይመስል አዩት። እዚያ መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አላወቁም ነበር።

«ሃያ አምስት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ። «ሞቴን ቢጠብቅ ምን ነበረበት? አትንገራት ብዬ ለመንኩት። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ወጥቷል ወይ?› አለኝ። ‹ወጥቷል› አልኩት።» ድንገት አለቀሱ።

«ያኔ አንድ ፒን መንቀል ዘነጉ፤ ሰው ሞተ» አለች ደሳለች፤ ልትቆጣ አስባ ነበር፣ ግን አሳዘኗት። «ከዚያ ወዲህ አንድም ጥብጣብ ሳይሰኩ ቀርተው አያውቁም። ትናንትም ሰው ገድለው ሰኩት።»

ማቲያስ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ስብሐት በሩ ላይ ዞረው ጥብጣቡ በቦታው መሆኑን አዩ፤ ከዚያ ሄዱ።

ቶለሳ እንደቆመ ቀርቷል። «እኔ አይደለሁም?» አለ።

«አይደለህም።»

«ቢጫውን ነቅዬው ነበር ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም። ያልነቀልከው ቢሆን እንኳ ሻምበልህ ሳያዩ አይነኩም ነበር።»

ያ ግዙፍ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ደሳለችም ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ቤርሳቤህ አልዞረችም። ቀዩን ክር በሁለት ጣቷ ይዛ ፒኑን ሳበችው፤ ወጣ። የጭራውን ክዳን በመዳፏ ቀስ አድርጋ አነሣችው፤ ተነሣላት።

«አባቴ ስህተት አልሠራም» አለች።