ዱከም ይታይሻል?

ለጋሮምሳ መጀመሪያ ያልኩት ቃል «ጫማህን» ነው። ሰላምታ እንኳን አላስቀደምኩም። የውሃ ላብራቶሪያችን ውስጥ በጫማ አይገባም፤ አቧራ ናሙና ያበላሻል።

«ላብራቶሪ ነው መስጊድ?» ብሎ አወለቀ። የግራ እግሩ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እንዳየሁበት ገባውና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

የመጣው የአዳማውን ኮምፒውተራችንን ዱከም ዋናው ቢሮ ካለው ሰርቨር ጋር ሊያገናኝ ነው። ስክሪኑ ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ሲጽፍ፣ «ውጤት» የሚባለው ባዶ ፎልደር በዱከም ፋይሎች ሞላ። ፋይሎቹ እዚያው ዱከም እንዳሉ፣ ፎልደሩ ግን እነሱን የምናይበት በር እንደሆነ አስረዳኝ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ፣ ትዕዛዙን ጠዋት ጠዋት መጻፍ የእኔ ሥራ ሆነ። ፊደል በፊደል ገለበጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል።

«ልዩ፣ ዱከም ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

መጀመሪያ ጥሪው ሃያ ሰከንድ ነበር። በሦስተኛው ወር አሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰ። ስለ ሚኒባስ ረዳቶች ጭቅጭቅ፣ ደራ ስላሉት እናቱ ያወራኛል። እኔ ግን የልቤን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

አንድ አርብ፣ ሥራ እንዳላስፈታው ብዬ፣ «አሁን እኮ ችዬዋለሁ፤ ባትደውልም ግድ የለም» አልኩት።

«እሺ» ብቻ አለ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ሲደውል እጽፋለሁ ብዬ ትዕዛዙን ተውኩት። አልደወለም። የቡልቡላ የውሃ ጉድጓዶች ናሙና ደረሰ፤ ሥራ ጀመርኩ። መለኪያው ውጤቱን በቀጥታ ወደ ፎልደሩ ልኮ «ተቀምጧል» ይላል፤ በቃ። እስከ አርብ እንዲሁ ሆነ። ሁሉን ሁለቴ የማጣራ ሰው፣ ያን ሳምንት ያየሁት ስልኩን ብቻ ነበር። አሞት ይሆን? ሌላ አግኝቶ ይሆን?... ቁጥሩን አወጣና መልሼ እዘጋለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ በንዴት ጥሪ ሳልጠብቅ ትዕዛዙን ጻፍኩ። የዱከም ፋይሎች ተደርድረው መጡ። የቡልቡላ ግን የለም። ሠላሳ አራት ናሙና፣ አንድም የለም።

ውሃው ደግሞ ተለክቶ ተደፍቷል። አለቃችን ወይዘሮ ዘውድነሽ በማግስቱ ቡልቡላ ሄደው፣ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ በዝቶበት የሚዘጋው ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ሊናገሩ ነው።

ሰርቨሩን የሚይዘው ጋሮምሳ ነው። ደወልኩ።

«ፋይሎቼን ምን አደረግሃቸው?»

ከሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይኸው ሆነ።

«ልዩ... እኔ ምንም አልነካሁም።»

ዘጋሁበት። ለወይዘሮ ዘውድነሽም ጋሮምሳ አጥፍቶታል አልኳቸው። እሳቸው ዱከም ደውለው ሲጨርሱ፣ «እሱ ከሆነ ዛሬውኑ ከሥራ ይሰናበታል ብለዋል» አሉኝ።

ይህን አልፈለግሁም ነበር። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሮምሳ ማንም ሳይለው ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አዲስ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ትዕዛዙን ትጽፊ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም። «አልጻፍኩም» አልኩ። «ስትደውል ልጽፍ ነበር።»

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ከዚያ አንዲት አጭር መስመር ጽፎ ግንኙነቱን አቋረጠ። የዱከም ፋይሎች ባንዴ ጠፉ፤ በቦታቸው ሠላሳ አራቱ ቁጭ ብለዋል።

«አልጠፉም» አለ። «ግንኙነት ስላልነበረ እዚሁ አዳማ፣ ባዶው ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጡት። ዛሬ ዱከም ሲመጣ ከላይ ሸፈናቸው እንጂ ከሥር ነበሩ።»

ሮጬ ወይዘሮ ዘውድነሽ ቢሮ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬ፣ ያልኩትን አሁኑኑ እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። በመነጽራቸው አናት አዩኝና፣ «አንቺ? ምን ነክቶሽ ነው?» ብለው ስልኩን አነሱ።

ስመለስ ፋይሎቹን በሌላ መንገድ ወደ ዱከም እየገለበጠ ነው።

«ለምን አልደወልክም?» አልኩት።

«ባትደውልም ግድ የለም አልሽኝ። ሰልችቻት ነው ብዬ...»

«ሥራ እንዳላስፈታህ ብዬ እኮ ነው! አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ታቅፌ ዋልኩ።»

«እኔስ የሠራሁ መሰለሽ?»

ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ዱከምን መልሶ አገናኘ። ሠላሳ አራቱም ከሌሎቹ ጋር ተሰልፈው መጡ።

«አሁንስ ዱከም ይታይሻል?»

ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

«አይታየኝም» አልኩ።

በሥራ ዘመኔ የሰጠሁት ብቸኛ የሐሰት ውጤት እሱ ነው።

«እንግዲያው ነገም መደወል አለብኝ» አለ።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። አዳማ እንኖራለን፤ እሱ በሚኒባስ ዱከም ይመላለሳል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት በራሱ እንዲገናኝ ያስተካከለው በዚያው ሳምንት ነው፤ ማንም ትዕዛዝ መጻፍ የለበትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ስልኬ ይጮኻል።