ሙታን ወረፋ የያዙበት ደጅ

በጎርሜድ መንግሥት ወረርሽኝ በገባበት ዓመት፣ ሙታን በፈውስ ቤቱ ደጅ ወረፋ ይዘው ታዩ። ተራቸውን ሲጠብቁ ያለፉ ድሆች ነበሩ። የአገሩ ደንብ ሕመምተኛን የሚያስገባው በማዕረጉ ነበርና፣ የመስፍኑ ልጅ በጉንፋን ሲገባ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ደጅ ላይ ደም እየተፋ ይሞት ነበር። ሳይጠራ የሞተ ሁሉ ቦታውን አለቅም አለ። በመካከላቸው ሊያልፍ የደፈረ ብርድ ገብቶት እዚያው ተዘረረ፤ ሐኪሞቹ ውስጥ፣ ሕመምተኞቹ ውጭ ቀሩ።

ወጣቷ ሐኪም ሐመሪት ቅጠል ልትለቅም ወጥታ ውጭ የቀረች ናት። የሐኪሞቹ አለቃ አባ ዘርአብሩክ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጄ ሆይ፣ የዚህ ቤት ደወል ሕመም የጠናበትን በራሱ ይጠራ ነበር። ከልዑል በፊት ለማኝ ቢጠራ፣ የጥንት ነገሥታት አፍረው ሸርጋድ ለተባለው ዘንዶ ጣሉት። ሙታኑ የሚታዘዙት ለደወሉ ብቻ ነው» አሏት።

«ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች።

ወንድሟ መርዕድ ጦሩን አነሣ። «እኔስ ቤት ቁጭ ብዬ ጥጥ ልፈትል ነው?» ቢላት ሳትወድ ሳቀች።

የሙታኑ ሹክሹክታ እስከ ዋሻው ድረስ ተከተላቸው። ሸርጋድ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሣ መርዕድ ጦሩን ጉሮሮው ላይ ሰካ፤ ዘንዶውም ከመሞቱ በፊት ትከሻውን በመርዙ ነደፈው። ሐመሪት ደወሉን አንግታ፣ ወንድሟን በበቅሎ ጭና ተመለሰች።

ደወሉ መንገድ የሚከፍተው ለጠራው ሕመምተኛ ብቻ ነበር። ደጁ ላይ ብታነሣው መርዕድን አልፎ፣ ምጥ ጠንቶባት አጥር ሥር ወደ ወደቀች ቆዳ ፋቂ ዞሮ ጮኸ።

«ወንድሜ እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች። ወደ እርሱ ብታዞረው ዝም አለ።

«እህቴ፣» አላት መርዕድ ከንፈሩ እየጠቆረ፣ «ለእኔ ብለሽ ወረፋ ካጣመምሽማ ምኑን ደከምን? ሂጂ፣ እጠብቃለሁ።»

ሴትዮዋን ደግፋ ገባች፤ ሙታኑ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ልጁ በሰላም ተወለደ። እየሮጠች ስትመለስ የመርዕድ ሬሳ በቅሎዋ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ መርዕድ ራሱ ግን ከሙታኑ ሰልፍ መጨረሻ ቆሟል።

ደወሉ እየጮኸ ሙታኑን አንድ በአንድ አስገባ። የተጠራው ሁሉ ደጁን ሲረግጥ እፎይ ብሎ ይጠፋል። ሕያዋኑም እንደ ሕመማቸው ገቡ፤ ባላገሩ ከመስፍኑ ቀደመ፣ መስፍኑም ዋጥ አድርጎ ቻለው። በመጨረሻ መርዕድ ብቻ ቀረ። ደወሉ ሊጠራው ሲል ሐመሪት የደወሉን ምላስ ጨብጣ ያዘችው። ከገባ ዳግም እንደማታየው ታውቃለች። እርሱም ቆሞ ያያታል።

ያኔ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጣቸው አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተጎተቱ መጥተው ከመርዕድ ኋላ ቆሙ። እርሱን ማለፍ አይችሉም።

«ልጄ፣ ተራው ቶሎ ይደርሰኝ ይሆን?» ብለው ጠየቋት።

ሐመሪት እጇን ከደወሉ አነሣች።

«ይደርስዎታል፣ እናቴ» አለች። «ከፊትዎ አንድ ሰው ብቻ ነው።»