ሮዝ ቀለም የተቀባው ስንዴ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

ያየው ሰው የእናቴ ወንድም ወልደጻድቅ ነው። ሰው ከመናቁ የተነሳ፣ ለማንም ብሎ ውሸት በመፍጠር የሚደክም አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ግንቦት 1973 ዓ.ም። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት...

ጨለማ አትጠብቁ። ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ይቆማል፣ ውሻው እንኳ ግድግዳ ጥግ ተጋድሞ ያለከልካል። ወልደጻድቅ ግን አይተኛም። ፋርማሲስት ነው። በዚያ አካባቢ ሰው የማይጠጣ ነገር ቢጠጣ፣ የማይዋጥ ነገር ቢውጥ፣ ጥያቄው የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ስልክ፣ ከጀርባው የመርዝ መጻሕፍት።

"ጌታዬ፣ ልጁ ናፍጣ ጠጣ። ወተት ልስጠው?"

"ወተት? ክብሪትስ ለምን አትጨምርለትም? ምንም አትስጠው፣ እንዳታስመልሰው፣ ይዘኸው ና!"

እንዲህ ነበር። መልሱ ትክክል፣ ምላሱ እሬት።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን ጓድ አየነውን ነበር። አየነው ከአብዮቱ በፊት ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሚዛን እየገለበጠ የሚደባደብ ዋልጌ ነበር ይላሉ። አሁን ካድሬ ሆኗል። ከሶማሊያው ጦርነት ሸሽተው ለተመለሱት የጀልዴሳ ገበሬዎች እህል የሚያድለው እሱ ነው። ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይደረድራል። በአንዱም ሲጽፍ ያየው ሰው የለም።

ያን ቀን መስኮቱ ተንኳኳ።

በጣም ቀስ ብሎ... በጥፍር።

አንዲት ሴት ቆማለች። ሀሊሞ ትባላለች። ከጀልዴሳ ማዶ ካለች ትንሽ መንደር በከሰል መኪና ነው የመጣችው።

"ዶክተር..." አለች በሹክሹክታ። "ልጆቼ ይስቃሉ።"

"ታዲያ የሚያስለቅስ መድኃኒት ፈልገሽ ነው?"

"ማንም ምንም አላላቸውም። ግድግዳ እያዩ ነው የሚስቁት። ጎረቤትም ይስቃል። እየሳቅን እንወድቃለን።"

እየሳቅን... አለች እንጂ አልሳቀችም።

ወልደጻድቅ ቀና አለ። ሴትየዋ የመስኮቱን ደፍ ለመያዝ እጇን ሰደደች። ሳተችው። እንደገና ሰደደች... ሳተችው።

"ጣቶችሽ ምን ሆነዋል?"

"ተኝተዋል። ከንፈሬም ተኝቷል። ዓይኔ ደግሞ በቧንቧ ውስጥ እንደማይ ነው። መሃሉ አለ። ዳር ዳሩ የለም።"

"ምን በላችሁ?"

የሻሿን ቋጠሮ ፈታች። ስንዴ ነው... ሮዝ ስንዴ።

"አጥበነዋል፣ ወላሂ! ቀለሙ ለቀቀ። መጀመሪያ ለዶሮ ሰጠን። ዶሮዋ አልሞተችም።"

ወልደጻድቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገውም። ስንዴው የዘር ነው። ሻጋታ እንዳይበላው ሜርኩሪ ተቀብቷል። ሮዙ ቀለም ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ቀለሙ በውሃ ይሄዳል፣ መርዙ አይሄድም። ዶሮንም ሰውንም ቶሎ አይገድልም። ሳምንታት ይታገሳል። ከዚያ አንጎል ውስጥ ይገባል።

መድኃኒት አልነበረውም።

"ስሚኝ። ከአሁን ወዲያ አንዲት ፍሬ እንዳትበሉ። ለከብትም እንዳትሰጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ዛሬውኑ!"

"ዘር ነው ስንለው፣ ጓዱ ነው ብሉ ያለን..."

ወልደጻድቅ ስንዴውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ በዚያ ሙቀት በእግሩ ወጣ።

የአየነው ቢሮ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነው። ካድሬው ማራገቢያ ሥር ጫማውን አውልቆ ሻይ ይጠጣል።

"ይህ ከምን ጆንያ ወጣ?"

"ከመንግሥት ጆንያ።"

"ጆንያው ላይ የራስ ቅል ሥዕል አልነበረም?"

"ነበር። ሕዝብ ያስደነግጣል ብዬ ሌላ ጆንያ ውስጥ አስገለበጥኩት።" ኩራት ነበረበት። "ዝናብ የለም፣ ምን ሊዘሩ ነው? እንግዶች ከአዲስ አበባ ሲመጡ የተራበ ሰው ላሳይ?"

"ሰዎቹን እየገደልካቸው ነው፣ ጓድ። እንዲቀብሩት ነግሬያቸዋለሁ።"

"የአብዮቱን እህል?!" አየነው ተነሳ። "አድሃሪ! ነገ አብረን እንሄዳለን። በእጃቸው ቆፍረው ያወጡታል፣ ፊትህ ቁጭ ብለው ይበሉታል። እምቢ ያለውን እስር ቤት እወረውረዋለሁ፣ አንተንም ጨምሬ!"

ከወረቀቱ ላይ ስንዴውን ዘገነ። አፉ ውስጥ ጨመረ። ዓይን ዓይኑን እያየው አኘከ... ዋጠ።

"ይኸው። ሞትኩ?"

ወልደጻድቅ ሊያዝንለት እንኳ አልፈለገም። ከዚህ የባሰ ደደብ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ አየነው ወደ ሻዩ እጁን ሰደደ።

እጁ ከብርጭቆው አጠገብ አየር ጨበጠ።

ፈገግ አለ። እንደገና ሰደደ... አየር ጨበጠ። ከጉሮሮው ትንሽ ሳቅ አመለጠችው።

ወልደጻድቅ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ይህ ሊሆን አይችልም። አንድ ጭብጥ ስንዴ እንዲህ አያደርግም። በደቂቃማ ጭራሽ! የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም።

በማግስቱ ሄዱ። መኪናውን የሚነዳው የሆስፒታሉ ሹፌር ሳዶ ነበር። አየነው ከፊት ተቀምጧል። መንገዱ ሁሉ አሸዋና እሾህ ነው።

ድንገት አየነው ሳቀ።

"ምን አሳቀህ?" አለ ወልደጻድቅ።

"ማን? እኔ አልሳቅኩም።"

ትንሽ ሄዱ። እንደገና ሳቀ።

ሳዶ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። "አቦ ጋሼ..." አለ ቀስ ብሎ። "ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።"

መንደሯ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። መኪናው ሲያልፍ ዓይናቸው አልተከተለም። ጭንቅላታቸው ነው የዞረ... ሁሉም አንድ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

አንድም ልጅ አይስቅም።

"ትናንት ማታ ዝም አሉ" አለች ሀሊሞ። "ስንዴውን ቀብረን አፈሩን ስንመልስበት... ሁሉም በአንዴ ዝም አሉ።"

"ቆፍሪ!" አላት አየነው።

"ጣቶቿ አይሠሩም" አለ ወልደጻድቅ። "ጀግና ከሆንክ አንተ ቆፍር።"

ካድሬው አካፋ አንስቶ ሳዶ ላይ ወረወረ።

ስለ መንደሩ ሰዎች አሁን ልንገራችሁ፣ ኋላ አይመቸኝም። ወልደጻድቅ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ እህል እስኪያገኝላቸው ድረስ የማያንኳኳው በር፣ የማይሰድበው ባለሥልጣን አልነበረም። የሀሊሞ ትልቋ ልጅ ቀስ በቀስ መራመድ ቻለች። ትንሹ አልተረፈም። እሷ ራሷ ዳር ዳሩን ሳታይ ኖረች። በየዓመቱ ከጀልዴሳ ሎሚ ትልክለት ነበር። እየተነጫነጨ ይቀበላታል።

ያን ቀን ግን ሳዶ ቆፈረ። አፈሩ አቧራ ነው። ለወራት ዝናብ አልነካውም። ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህል ይጠልቃል። መሃል ላይ ሲደርስ አካፋው ለስላሳ ነገር ነካ...

ሳዶ ዘሎ ወጣ። "ያ ረቢ... ጋሼ፣ ና እይ።"

ወልደጻድቅ ጎንበስ አለ።

ስንዴው በቅሏል።

ትናንት ማታ የተቀበረው፣ ደረቅ አቧራ ውስጥ፣ ብርሃን ሳያይ... ክንድ የሚያህል፣ ነጭ፣ እንደ ሰው ፀጉር የቀጠነ ቡቃያ ጉድጓዱን ሞልቶታል። ነፋስ የለም። ቡቃያው ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

አየነው ወደቆመበት።

ካድሬው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ቡቃያው ተከተለው።

ወደ ቀኝ ሄደ። ተከተለው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አየነው።

"ወደ ኋላ በል" አለው ወልደጻድቅ በሹክሹክታ። "አየነው... ወደ ኋላ በል።"

አየነው አልሰማም። እየሳቀ ነበር። አሁን አፉም ይንቀሳቀሳል። እየሳቀ ኮፍያውን አወለቀ። እየሳቀ ጫማውን ፈታ፣ አልጋ ላይ እንደሚወጣ ሰው ጎን ለጎን አስቀመጠው።

ያኔ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ነጩ ቡቃያ ቀስ ብሎ ከመሃል ተከፈለ። ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ...

መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ ተወ።

ልክ አንድ ሰው የሚያስተኛ።