እሳት የማይወድ ዘበኛ

አያ ባዬ ከቡሬ ወደ ፈጣም ቆላ የሚያወርደውን ገደል በዝናብ ተያያዙት። ከኋላቸው ሳጥን ተሸክማ የምትከተለው ያምሮት የተስፋው ልጅ ናት። ተስፋው ደግሞ፣ አያ ባዬ በሽማግሌ ፊት እንደተናገሩት ከሆነ፣ ጫካ ከሰቀሉት ቀፎ ማራቸውን እየቆረጠ የሚወስድ ሌባ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲምል ተቆርጦበታል። ካልማለ ሌባ ነው፤ ከማለም በአያ ባዬ ዐይን የማለ ሌባ ነው። በሁለቱም መንገድ ከዚያ ወዲያ ከቤቱ እሳት የሚጭር ጎረቤት አይኖርም።

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ላይ የጥበቃ ካሜራ የምትሰቅል ባለ ሱቅ ናት። ነገሩን እንደሰማች መጥታ፣ በጨለማ የሚያይ መሣሪያ አለኝ፣ ቀፎው ድረስ ይውሰዱኝ አለቻቸው። አያ ባዬ እሺ አሉ። አምነዋት አይደለም፤ አባቷ ሲሰርቅ አብራ ትይ ብለው ነው። አማቻቸውን ወንዳወቅን ሊያስከትሉ ፈልገው ነበር፣ ወገቤን ብሎ ቀረ።

መንገዱን ሙሉ የዚህን አማች ደግነት አወሩላት። ዝናብ እንዳይመታው ብለው ማንኩሳ ገበያ የዝናብ ልብስ የገዙለት እሳቸው ናቸው። አረንጓዴው አልቆ ስለነበር ሐምራዊውን ገዙ። በአገሩ ሁለተኛ የለውም፤ ልጆች አንድ ሰሞን «ቀይ ሽንኩርቱ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

ፈጣም ሞልቶ ጠበቃቸው። ውሃው ግንድ ያንከባልላል፣ ድንጋይ ከሥር ያስጮኻል። ይዘውት የመጡትን ገመድ ከዛፍ አሥረው፣ አያ ባዬ ፊት ያምሮት ኋላ ሆነው ገቡ። መሀል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ የሽማግሌውን እግር ከመሬት ነቀለው። ያምሮት በአንድ እጇ ገመዱን፣ በሌላው ጋቢያቸውን ጨመደደች። ሳጥኑ ከትከሻዋ ሲንሸራተት ማንገቻውን በጥርሷ ነከሰችው። እንደዚያ እየተጎተቱ ወጡ።

አያ ባዬ ውሃውን ተፍተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ።

«የተስፋው ዘር የያዘውን አይለቅም» አሉ።

«አዎ» አለች ያምሮት። «እርስዎንም አልለቀቅንም።»

ቀፎው ከተሰቀለበት ዋርካ ሥር ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ገደሉ ጀርባ ገብታለች። አያ ባዬ ቀፏቸው በደህና መኖሩን ወጥተው ሊያዩ ወገባቸውን አጥብቀው ግንዱን ያዙ። ያምሮት ካሜራውን አውጥታ፣ ከስልኳ ጋር አገናኝታ ሽቅብ ስትሞክረው ነበር።

«አያ ባዬ፣ ይቆዩ።»

በዐይን ሲያዩት ቅርንጫፉ ጥቁር ነው። በስልኩ ላይ ግን ቢጫ ነው፤ ቢጫው ላይ ነጠብጣብ አለ፤ ነጠብጣቡ ይተነፍሳል። ከአጠገቡ የተገደለ ድኩላ ተንጠልጥሏል።

አያ ባዬ ግንዱን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርገው ለቀቁት። ወደ ኋላ እየተራመዱ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ደረሱና እሳት አነደዱ። ነብሩ እሳቱን ባየ ጊዜ ዘሎ ወረደና ቁጥቋጦው ዋጠው።

ያምሮት ካሜራውን ወደ ዛፉ አዙራ ቋጥኙ ላይ አሠረችው። ያን ጊዜ አያ ባዬ በሙሉ ልባቸው እሳቱን ከካሜራው ፊት አስጠግተው ማገዶ ጨመሩለት። ዘበኛን በብርድና በጨለማ ማቆም በአገራቸው ነውር ነው። ስልኩ ላይ ዛፉ ጠፋ፣ ጫካው ጠፋ፤ እንደ ወተት ነጭ ሆነ።

ያምሮት ተረጋግታ አስረዳቻቸው። ሌላው ካሜራ ሲመሽ የራሱን መብራት ያበራል፤ ቀይ ነጥቡ ሌባን ያስጠነቅቃል፣ የሚያየውም ግራጫ ብቻ ነው። በዚህኛው ውስጥ ግን ጥፍር የምታህል፣ ብርሃን የምትለቅም ሴንሰር አለች። መብራት የላትም። ከዋክብት የበተኑትን ብርሃን ትቃርማለች፣ ቀለም ሳይቀር ትለያለች። እሳት ፊቷ ሲነድ ግን ትጠግባለች፤ ከጠገበች ሌላ አታይም። ሌባውም ቢሆን እሳት ወዳለበት አይመጣም።

«ስለዚህ ያጥፉት።»

«ነብሩስ?»

«ድኩላውን ትቶ አይሄድም። ይመለሳል።»

«ይኸ ነው ማጽናኛሽ?»

አያ ባዬ እሳቱን አዩ፣ ቁጥቋጦውን አዩ። እሳቱ ከነደደ እሳቸው በደህና ያድራሉ፤ እሑድ ተስፋው ይምላል፤ እውነቱን ግን ማንም አያውቅም። በዕድሜያቸው ብዙ እሳት አንድደዋል። ነብር በቅርብ እያለ አፈር ሲያለብሱት ግን ይኸ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጋቢ ተከናንበው ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ነብሩ፣ እንደተባለው፣ ተመልሶ ዛፉ ላይ ወጣ። ቆይቶ ከላይኛው መንገድ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ጠምጥመዋል። አንዱ ጠብመንጃ ይዟል፤ ሌላው ንብ የሚያጨስበትን ፍም በገል ከድኗል። ከገሉ ሥር የምታመልጠው ቅላት ለሴንሰሯ ችቦ ሆነችላት። የሰውየው የዝናብ ልብስ ሐምራዊ ነበር።

አያ ባዬ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቀለም አትሳሳትም?» አሉ በሹክሹክታ።

«አትሳሳትም።»

«አረንጓዴ ሊሆን አይችልም?»

ያምሮት የስልኩን ምስል አጎላችላቸው። ለአባቷ የሚበቃው ተቀድቷል፤ ዝም ብለው ቢያድሩ ነገሩ አልቋል። ሐምራዊው ሰውዬ ግን ግንዱን አቅፎ ሽቅብ ጀመረ። ስልኩ ላይ ነብሩ ከወገቡ ዝቅ አለ፤ ጭራው ተንቀሳቀሰ።

አያ ባዬ ሊነሱ ሲሉ ያምሮት ጋቢያቸውን ያዘች፤ በጣቷ ጠብመንጃውን አሳየቻቸው። ጋቢውን ትተውላት ቆሙ። አልጮኹም። ማዕድ ላይ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

«ወንዳወቅ፣ ከላይህ ነብር አለ። ሳትቸኩል ውረድ።»

ባለ ጠብመንጃው ወደ ድምፁ ተኮሰ። ቋጥኙ ተፈንክቶ ፍንጣሪው የአያ ባዬን ጉንጭ ቀደደ። ነብሩ በተኩሱ ደንብሮ በወዲያ በኩል ወረደ፤ ባለ ጠብመንጃውም በመጣበት መንገድ ፈረጠጠ፤ ከሁለቱ ማን እንደሚፈጥን ለመፍረድ ያስቸግራል። ወንዳወቅ ብቻ ግንዱን እንዳቀፈ ቀረ።

አያ ባዬ ደማቸውን እየጠረጉ በጨለማው ሄዱና ከሥሩ ቆሙ።

«ወገብህ ተሻለህ?» አሉት።

ወንዳወቅ ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ካሜራው ሳይሰቀል የተረፈውን ማር ሊቆርጥ፣ በላይኛው ድልድይ ዞሮ መምጣቱን፣ ፈጣም ሞልቷልና እሳቸው አይሻገሩም ብሎ መተማመኑን ተናገረ። አያ ባዬ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

እሑድ ተስፋው ለመሐላው ነጭ ለብሶ መጣ። ያምሮት ስልኳን ለሽማግሌዎቹ ልትሰጥ ስትል አያ ባዬ ከለከሏት፤ ያየሁት እኔ፣ የምናገረው እኔ አሉ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ፤ ተስፋው ፊት ጎንበስ ብለው የአማቻቸውን ስም በሕዝብ መሀል ጠሩ። ወንዳወቅ ያለ ሐምራዊ ልብሱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነበር። ተስፋው ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ ሁለት እጁን ሰዶ አወረደው።

ሰዉ ሲበተን አያ ባዬ ወደ ያምሮት ጠጋ አሉ።

«ለኔም አንድ ስቀይልኝ» አሏት።

«ቀፎው ላይ?»

«የለም፣ ቤቴ።»

«ደጁን እንዲያይ ነው?»

አያ ባዬ የጉንጫቸውን ቁስል ዳሰስ አደረጉ።

«ወደ ውስጥ አዙሪው» አሉ። «ደጁንስ ሳየው ኖሬያለሁ።»